መንግሥት ያልነበረው ቋንቋ፦ ይዲሽ የት የት ተነገረ? ማንስ አኖረው?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ስለ መዋጮ፣ ስለ ቀብር ደንብና ስለ ድንኳን ዕቃ ብዙ ይጻፋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ከሰፈራችን ራቅ ብዬ ባሕር ማዶ ስለኖረ አንድ ቋንቋ ላወጋችሁ ነው። «ይዲሽ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መጠየቁም ተገቢ ነው። ይህ ቋንቋ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ሲኖር ንጉሥም፣ ጦርም፣ የራሱ የሆነ ድንበርም አልነበረውም። ሰዎች እቤታቸው ተነጋገሩበት፣ ልጆቻቸውን አሳደጉበት፣ ሙታናቸውንም ተባብረው ሲቀብሩ የተማከሩት በርሱ ነበር። እንደ እድራችን ያለ ማኅበር በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ይላል። ስለዚህ ነገሩ የኛም ጉዳይ ነው ብዬ ጻፍኩት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ይዲሽ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው?

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። አንዳንድ ሰው ይዲሽ የአይሁድ ሁሉ ቋንቋ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የአይሁድ ሕዝብ በተበተነበት አገር ሁሉ ያገሩን ቋንቋ ተቀብሎ የራሱ መልክ ሰጥቶታል። ከስፔን የተባረሩት ላዲኖ የሚባለውን ቋንቋ ይዘው ወጡ። የየመኖቹ ዐረብኛ ተናገሩ። ያገራችን ቤተ እስራኤል ደግሞ አማርኛና ትግርኛ፣ ከዚያም በፊት የአገው ቋንቋ ተናግረዋል። ይዲሽ አሽከናዝ የሚባሉት የአውሮጳ አይሁዶች ቋንቋ ነው።

«ይዲሽ» ማለት በራሱ ቋንቋ «አይሁድኛ» እንደ ማለት ነው። መሠረቱ የድሮ ጀርመንኛ ነው። የሃይማኖቱና የትምህርቱ ቃል ከዕብራይስጥና ከአራማይስጥ ይመጣል። ወደ ምሥራቅ ከተሰደደ በኋላም ከፖላንድኛ፣ ከዩክሬንኛና ከሌሎች የስላቭ ቋንቋዎች ብዙ ተበድሯል። የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

ባለቤቶቹ ሲያቆላምጡት «ማሜ ሎሽን» ይሉታል፤ የእናት ቋንቋ ማለታቸው ነው። «ሎሽን» የተባለው ከዕብራይስጥ የመጣ ቃል ሲሆን ከግዕዙ «ልሳን» ጋር ሥሩ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ዝምድና በቀብር ቃላቸውም ላይ ይታያል። ሙታንን የሚያጥብ፣ የሚገንዝና የሚቀብር ማኅበራቸው «ኼቭሬ ካዲሼ» ይባላል። «ኼቭሬ» ከኛ «ኅብረት» እና «ማኅበር» ጋር፣ «ካዲሼ» ደግሞ ከኛ «ቅዱስ» ጋር ይዛመዳል። እንግዲህ ቃሉ «ቅዱስ ማኅበር» ማለት መሆኑን አስተርጓሚ ሳንፈልግ ልንገምት እንችላለን።

ከራይን ወንዝ ዳር የጀመረው ጉዞ

ቋንቋው የተወለደው በጀርመን አገር በራይን ወንዝ አካባቢ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ማይንትስ፣ ቮርምስና ሽፓየር በሚባሉት ከተሞች ከአሥረኛውና ከአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቁ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ነበሩ። በቮርምስ ያለው የመቃብር ቦታቸው ከአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት የቆዩ ድንጋዮች እስከ ዛሬ ቆመውበታል። በ2021 ዓ.ም. ዩኔስኮ የእነዚህን ከተሞች የአይሁድ ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህም መቃብር አብሮ ተመዝግቧል። ዓመተ ምሕረቱ የሚታወቅ የመጀመሪያው የይዲሽ ዓረፍተ ነገርም የተገኘው ከዚያችው ከቮርምስ ስም ጋር በሚጠራ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነው። መጽሐፉ በ1272 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በአንድ በትልቁ የተሳለ የዕብራይስጥ ቃል ፊደሎች ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ፣ ይህን ከባድ መጽሐፍ ወደ ምኩራብ ተሸክሞ ለሚወስደው ሰው አጭር ምርቃት በይዲሽ አስገብቶበታል። ለዕቃ ተሸካሚ የተሰጠ ምርቃት መሆኑን ልብ በሉልኝ! የነገሥታት ዐዋጅ ወይም የጦር ዜና አይደለም።

ይሁን እንጂ በዚያ አገር ተረጋግቶ መኖር አልተቻለም። በ1096 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም የሚዘምቱ የመስቀል ጦረኞች በመንገዳቸው ላይ የራይንን አይሁዶች ፈጁ። በ1348 እና በ1349 ዓ.ም. ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮጳን ሲያጠፋ ደግሞ «ጕድጓድ ውሃውን የመረዙት አይሁዶች ናቸው» ተብሎ በብዙ ከተሞች ተቃጠሉ፤ ተባረሩ። ከሞት የተረፈው ሕዝብ ቋንቋውን በአፉ ይዞ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። በፖላንድ ነገሩ ይሻል ነበር። በ1264 ዓ.ም. የካሊሽ መስፍን ለአይሁዶች የመኖርና የመነገድ መብት በጽሑፍ ሰጥቶ ስለነበር፣ ታላቁ ካዚሚር የተባለው የፖላንድ ንጉሥም በ1334 ዓ.ም. ይህንኑ አጽንቶታል።

ሁሉም ግን ወደ ምሥራቅ አልሄደም። በሰሜን ኢጣልያ፣ በአልዛስ፣ በስዊስና በሆላንድ ይዲሽ ተነግሯል። በአምስተርዳም በ1686 ዓ.ም. በይዲሽ የሚታተም ጋዜጣ ወጥቶ ነበር፤ ከሚታወቁት የይዲሽ ጋዜጦች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። በሃምቡርግ የኖረችው ግሊክል የተባለች ነጋዴ ሴት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1691 ዓ.ም. የሕይወት ታሪኳን ለልጆቿ በይዲሽ መጻፍ ጀመረች። የሐዘን ሌሊቱን የምትገፋው በመጻፍ ነበር። ጽሑፏ ዛሬ ለታሪክ ሰዎች ትልቅ ምንጭ ነው።

በኋላ ግን በምዕራቡ ክፍል ቋንቋው ደከመ። ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የጀርመን አይሁዶች በከተማው ኑሮ ለመግባት ጀርመንኛን መረጡ፤ መንግሥታቱም የንግድ መዝገብ በጀርመንኛ እንዲያዝ ያስገድዱ ጀመር። የተማሩት ሰዎች ይዲሽን «የተበላሸ ጀርመንኛ» እያሉ ይንቁት ነበር። የራስን ቋንቋ ማቃለል የመጣው ከውጭ ሰው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ምሥራቅ አውሮጳ፦ የቋንቋው ትልቁ ቤት

በፖላንድ፣ በሊትዌንያ፣ በቤላሩስ፣ በዩክሬን፣ በሮማንያና በሃንጋሪ አንዳንድ ክፍሎች ይዲሽ የሚሊዮኖች ቋንቋ ሆነ። ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው፣ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጠው ሴት፣ ረቢውም ጭምር የሚነጋገሩበት እርሱ ነበር። በ1897 ዓ.ም. በሩስያ ግዛት በተደረገው ቆጠራ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ ይኸውም ከአይሁዱ ከመቶ 97 ያህሉ፣ ይዲሽን የእናት ቋንቋው አድርጎ አስመዘገበ። በፖላንድ በ1931 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ደግሞ ከ3 ሚሊዮን ከሚበልጡት አይሁዶች ከመቶ 80 ያህሉ ይዲሽ አሉ። ወደ አገራችን በ1904 ዓ.ም. መጥቶ ስለ ቤተ እስራኤል ለዓለም ያሳወቀው ዣክ ፋይትሎቪችም የተወለደው የይዲሽ ተናጋሪዎች ትልቅ ከተማ በነበረችው በሎድዝ ነው።

በእነዚህ ከተሞችና መንደሮች ኼቭሬ ካዲሼ ያልነበረበት ማኅበረሰብ አይገኝም ለማለት ይቻላል። በፕራግ የቆመው የቀብር ማኅበር በ1564 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ለሌሎች ብዙ ማኅበሮች አርአያ ሆኗል። ሥራው ለኛ አዲስ አይደለም። ሰው ሲሞት አባላቱ ይጠራሉ፤ አስከሬኑን ያጥባሉ፤ በነጭ በፍታ ይገንዛሉ፤ እስኪቀበር ብቻውን አይተዉትም። መግነዙ ለሀብታምም ለድኻም አንድ ዓይነት ነው። ማኅበሩ ስመ አባላትና ደንብ የሚጻፍበት መዝገብ አለው። ብዙዎቹ ማኅበሮች በዓመት አንድ ቀን፣ ሙሴ ሞተ በሚባልበት አዳር በሚሉት ወር በሰባተኛው ቀን፣ ጾመው ይውሉና ማታ አብረው ማዕድ ይቆርሳሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያልነውን እነርሱም በኑሮ አውቀውታል።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይዲሽ ትልልቅ ደራሲዎችን አፈራ። ከእነርሱ አንዱ በዛሬዋ ዩክሬን በ1859 ዓ.ም. የተወለደው ሾሌም አሌይኼም ነው። ይህ የብዕር ስሙ ሲሆን «ሰላም ለእናንተ» ማለት ነው። በ1908 ዓ.ም. ደግሞ በቼርኖቪትስ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ይዲሽ ከአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው ተብሎ ታወጀ። በ1925 ዓ.ም. በቪልና፣ በዛሬዋ ቪልንዩስ፣ ዪቮ የተባለ የይዲሽ ጥናት ተቋም ተቋቋመ። ያው መንግሥት ስላልነበረው አካዳሚውን የመሠረቱት ምሁራኑና ደጋፊዎቹ ናቸው።

መንግሥት እጁን የዘረጋለት ጊዜም ነበር። በሶቪየት ቤላሩስ ከአራቱ የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ ይዲሽ ስለነበር በሪፐብሊኩ አርማ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። በሩቅ ምሥራቅ በቻይና ድንበር አጠገብም በ1934 ዓ.ም. ቢሮቢጃን የተባለ የአይሁድ ራስ ገዝ ክልል ተቋቋመ። ነገር ግን አይሁዶች በዚያ ክልል የነዋሪውን ግማሽ እንኳ ሆነው አያውቁም። የሰጠ እጅ ደግሞ መንሣትም ይችላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ቤቶቹ ይዘጉ ጀመር። በነሐሴ 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በሞስኮ በስታሊን ዘመን አሥራ ሦስት ሰዎች ሲረሸኑ ከነርሱ መካከል ፔሬትስ ማርኪሽና ዳቪድ ቤርጌልሶንን የመሰሉ የታወቁ የይዲሽ ደራሲዎች ነበሩበት።

«የአገር ልጆች» ማኅበር በባሕር ማዶ

በ1881 ዓ.ም. የሩስያው ንጉሥ ዳግማዊ አሌክሳንደር ከተገደለ በኋላ በአይሁዶች ላይ ዘረፋና ግድያ ተነሣ። ድኽነቱም ጸንቶ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አሜሪካ በሯን እስከ ጠበበችበት እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የምሥራቅ አውሮጳ አይሁዶች ወደዚያ ተሻገሩ። ብዙዎቹ በኒውዮርክ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ገቡ፤ በጠባብ ክፍል ተፋፍገው ኖሩ።

ለመሆኑ ሰው ባልተወለደበት አገር፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? እነርሱም የጠየቁት ይህንኑ ነው። መልሱ «ላንድስማንሻፍት» የሚባል ማኅበር ሆነ። ላንድስማን ማለት የአገር ልጅ ማለት ነው። ከአንድ ከተማ ወይም ከአንድ መንደር የመጡ ሰዎች ይሰባሰቡና ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ በየጊዜው ያዋጣሉ። አባል ሲታመም ይደጉማሉ፤ ሐኪም ይቀጥራሉ፤ ሥራ ያጣውን ያፈላልጉለታል። ከሁሉ በላይ ግን በጋራ የመቃብር ቦታ ይገዛሉ። ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በይዲሽ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ብቻ እንዲህ ያሉት ማኅበሮች ከሁለት ሺህ በላይ ነበሩ። ዛሬም በብሩክሊንና በኩዊንስ ወዳሉት የአይሁድ መቃብሮች የሄደ ሰው በየቦታው የቆሙ የድንጋይና የብረት በሮች ያያል። በየበሩ ላይ የማኅበሩ ስም፣ የተነሡበት የሩቅ ከተማ ስምና የሹማምንቱ ስም ተቀርጿል።

ሾሌም አሌይኼም በግንቦት 1916 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሲሞት ቀብሩን ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ሸኝቶታል። በኑዛዜው ከታላላቅ ሰዎች መካከል ሳይሆን ከተራው ሠራተኛ ሕዝብ ጋር እንዲቀበር ጠይቆ ነበር። ዛሬ መቃብሩ በኩዊንስ ማውንት ካርሜል በሚባለው ቦታ፣ የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር በገዛው መሬት ላይ ነው። በሙት ዓመቱም ወዳጆቹ ተሰብስበው ከአስቂኝ ታሪኮቹ አንዱን ጮኽ ብለው እንዲያነቡለት አዟል። በሐዘን ቤት ሳቅ እንዲኖር ያዘዘ ሰው ነበር ማለት ነው!

በዚያው በኒውዮርክ በ1897 ዓ.ም. የተጀመረው «ፎርቨርትስ» የተባለው የይዲሽ ዕለታዊ ጋዜጣ በ1920ዎቹ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ቅጂ ይሸጥ ነበር። ቋንቋው በሞንትሪያል፣ በለንደን ምሥራቃዊ ሰፈር፣ በፓሪስ፣ በጆሃንስበርግና በሜልበርንም ተሰማ።

በአርጀንቲና በቦነስ አይረስ የሆነው ደግሞ ለእድር ሰው ልዩ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ የነበሩት አሽከናዝ አይሁዶች በ1894 ዓ.ም. የቀብር ማኅበር አቋቋሙ። ይኸው ማኅበር በቀብር ገንዘብ እየዳበረ ትምህርት ቤት የሚረዳ፣ ችግረኛ የሚደግፍ ትልቅ የማኅበረሰቡ ተቋም ሆነ፤ በኋላም አሚያ በሚል ስም ታወቀ። ከ1946 እስከ 1966 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ስለ ፖላንድ አይሁዶች 175 የይዲሽ መጻሕፍት ታተሙ። የኤሊ ዊዝል የመጀመሪያ መጽሐፍም በ1956 ዓ.ም. ከዚሁ ተከታታይ ውስጥ በይዲሽ ወጣ። በሐምሌ 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በአሚያ ሕንፃ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰዎች ሞቱ። በሕንፃው ውስጥ የይዲሽ ቤተ መጻሕፍትና መዛግብት ነበሩ። ወጣቶች ከፍርስራሹ ውስጥ አቧራ የለበሱትን መጻሕፍት አንድ ባንድ እያወጡ አድነዋቸዋል።

ቀባሪ ያጣ ሕዝብ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይዲሽ ይናገሩ ነበር። የናዚ ጀርመኖች ከገደሏቸው ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች መካከል አብዛኞቹ የዚህ ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ። መንደሩ ከነጫማ ሰፊው፣ ከነአስተማሪው፣ ከነቀባሪው ጠፋ። ሬሳ የሚያጥብ፣ የሚገንዝ፣ ድንጋይ የሚያቆም አልቀረም። ለእድር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

በዋርሶ በአጥር በተከለለው የአይሁድ ሰፈር፣ በጌቶው ውስጥ፣ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የተባለ የታሪክ ሰው ጓደኞቹን አሰባስቦ የሚሆነውን ሁሉ በምስጢር ያስጽፍ ነበር። ከጽሑፉ ብዙው በይዲሽ ነው። እንደማይተርፉ ሲያውቁ ወረቀቱን በብረት ሣጥንና በወተት ማመላለሻ ቢዶን ከተው መሬት ቀበሩት። ሪንገልብሉም በ1944 ዓ.ም. ተገደለ። ከተቀበረው ሰነድ አንዱ ክፍል በ1946፣ ሌላው በ1950 ዓ.ም. ከፍርስራሹ ሥር ተገኘ። በቪልናም ባለቅኔው አቭሮም ሱትስኬቨርና ባልደረቦቹ ጀርመኖቹ መጻሕፍት እንዲለዩ ሲያስገድዷቸው ከልብሳቸው ሥር እየደበቁ ብዙውን አሸሹ። ራሳቸውን ማዳን ያልቻሉ ሰዎች ቃላቸውን ለማዳን ሞከሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራው በላንድስማንሻፍቶቹ ላይ ወደቀ። በኒውዮርክ፣ በቦነስ አይረስና በእስራኤል ያሉት የአገር ልጆች ማኅበሮች «የመታሰቢያ መጽሐፍ» ማዘጋጀት ጀመሩ። ለየከተማው አንድ መጽሐፍ ነው። የገበያውን ቦታ፣ የምኩራቡን፣ የመንደሩን ቀልደኛ፣ የሞቱትንም ሰዎች ስም ዝርዝር ይዟል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ብዙ መቶ ናቸው፤ ብዙዎቹም በይዲሽና በዕብራይስጥ ተጽፈዋል። በመቃብር ቦታቸውም ለጠፋው ከተማ ሐውልት አቆሙ። እንግዲህ የቀብር ማኅበሩ አንድን ሰው መቅበር አልፎ አንድን ከተማ ሙሉ በወረቀት ላይ አሳረፈ።

ዛሬ የት ይነገራል?

በእስራኤል መሥራቾቹ ዕብራይስጥን የኑሮ ቋንቋ ለማድረግ ቆርጠው ስለነበር ይዲሽ የስደት ቋንቋ ተብሎ ተገፋ። ቢሆንም ሱትስኬቨር ከ1949 እስከ 1995 ዓ.ም. በቴል አቪቭ የታወቀ የይዲሽ መጽሔት ሲያወጣ ኖረ። በአሜሪካ ደግሞ የከለከለው የለም፤ ልጆቹ እንግሊዝኛ መናገር መረጡ፤ የማኅበሮቹ ቃለ ጉባኤ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ ብዙዎቹም ሰው አጥተው ሲበተኑ መቃብራቸው ብቻ ቀረ። ይስሐቅ ባሼቪስ ሲንገር በ1978 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ንግግሩን በከፊል በይዲሽ አሰማ። ስዊድን ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከብሔራዊ አናሳ ቋንቋዎቿ አንዱ አድርጋዋለች። አሮን ላንስኪ የተባለ ተማሪ በ1980 ዓ.ም. የጀመረው ድርጅትም ከየቤቱ ሊጣሉ የነበሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የይዲሽ መጻሕፍት ሰብስቧል።

ታዲያ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱበት ቦታ ቀርቷል ወይ? ቀርቷል። ሐሲድ የሚባሉት አጥባቂ አይሁዶች በብሩክሊን፣ ከኒውዮርክ ወጣ ባለችው በኪርያስ ጆኤል፣ በለንደን ስታምፎርድ ሂል፣ በአንትወርፕ፣ በሞንትሪያል፣ በኢየሩሳሌምና በብኔ ብራክ እቤታቸውና እትምህርት ቤታቸው ይናገሩታል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ጋዜጣም ሽልማትም ያላዳነውን ነገር እነርሱ ያቆዩት በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ፣ ልጅ ስለሚያሳድጉበትና ከልደት እስከ ቀብር ያለውን ጉዳይ ሁሉ በርሱ ስለሚፈጽሙ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ቋንቋን መንግሥት ሊረዳው ወይም ሊጎዳው ይችላል፤ የሚያኖረው ግን መንደር ነው። የመንደር መጨረሻው ምስክር ደግሞ የቀብር ማኅበሩ መዝገብ ነው። የኛም ልጆች ዛሬ በዋሽንግተንና በሌላም ከተማ እድር አቋቁመዋል፤ ቃለ ጉባኤያቸው ነገ በምን ቋንቋ እንደሚጻፍ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። እዚህ ያለነው ደግሞ የእድራችንን መዝገብ እንመልከት። በአብዛኛው የሚገኝበት ስም፣ የተከፈለ መዋጮና የቀብር ቀን ነው። ጸሐፊያችን አባል በሞተ ቁጥር የት እንደተወለደ፣ በምን ሙያ እንደኖረ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገርና ወዳጆቹ ስለርሱ የሚያወሩትን አንድ ነገር አንድ ገጽ ቢጽፍልን ወጪው የቀለምና የወረቀት ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ።